ሁሴን ያላልኩት ልጅ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለኢማሙም፣ ለወንድሜም አልነገርኩም። ለማታውቀኝ ለአንተ የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። እኔ ሐዘኔታ የምለምን ሰው አይደለሁም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ከዚያ ወዲያ ያለ አስተማሪ መጽሐፍ ያነበብኩ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር መሬቴን አርሼ ልጆቼን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚህ እኮራለሁ። ሰው ሁሉ እውነት እንዲናገር የምገሥጸው እኔ ግን ቤቴ ውስጥ አንድ ውሸት አሳድጌአለሁ።

ሚስቴ ዘይነባ መንታ ወንዶች ወለደች። አንደኛው ቁርጥ እኔን፤ ቀይ፣ ግንባረ ሰፊ። ሁለተኛው ጠይም፣ ጸጉረ ከርዳዳ፤ ከእኔም ከእርሷም ወገን የማንንም መልክ አልያዘም። ያዋለደቻት አክስቴ እየሳቀች፣ "አብሽር! ሁለት ወንድ፣ እንግዴ ልጁም ሁለት፤ ሁሉም በደህና ወጣ" አለችኝ። እኔ ደስታዋን አልሰማሁም። እንግዴ ልጁ ሁለት መሆኑን ብቻ ሰማሁ።

ስም በሚወጣበት ቀን ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው፣ የአገሩን የመንታ ስም "ሐሰንና ሁሴን" ብለው ሊሰጡ ሲሉ አቋረጥኳቸው።

"ሐሰን የእኔ ነው። ሌላው የራሱን እንግዴ ልጅ ይዞ መጥቷል፤ እንግዳ በሉት። ባንድ ማሳ ሁለት ዓይነት ቡቃያ ካየሁ ዘሪው ሁለት ነው።"

"አንተ ሰው፣ አስተግፊሩላህ በል!" ብለው አንዱ ተቆጡ።

አላልኩም። ዘይነባ ከመጋረጃው ጀርባ "አላህ ያያል" አለች። በሐይቅ ከተማ ገበያ የሐሰን መንታ እንግዳ መባሉን የሰማ ሁሉ ነገሩ ገባው። እንዲገባው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ንጹሕ ሴት በሰው መካከል አንገቷን እንድትደፋ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ልጆቹ አድገው ነበር። እኔም በየስብሰባው እየተነሣሁ "ያጠፋ ይመን!" እል ነበር። በዚያው ሰሞን ስለ ሰው አካል በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ከደሴ ገዛሁ። አንድ የጸነሰ እንቁላል ለሁለት ሲከፈል መልካቸው አንድ የሆነ መንታዎች ይወለዳሉ ይላል። ሁለት እንቁላሎች ባንድ ሰሞን ወጥተው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የአባት ዘር ሲጸንሱ ግን፣ ልጆቹ እንደ ማንኛውም ወንድማማች ይለያያሉ፤ እንግዴ ልጃቸውም ሁለት ይሆናል። አባታቸው ግን አንድ ነው።

መጽሐፉን ከደንኩት። ተናገርኩ? አልተናገርኩም። አባት ለልጁ አንገቱን ይደፋል እንዴ? ለራሴ ስል የነበረው ይህንኑ ነው።

ጦርነቱ ሲቀርበን ወደ ደሴ ሸሸን። የዘይነባ እግር አብጦ አልራመድ ሲላት በጀርባው ያዘላት እንግዳ ነው። ያስጠጋችን ሴት ልጆቹን አይታ፣ "መንታ ናቸው? ሐሰንና ሁሴን በሉኛ!" አለች።

እንግዳ እናቱን ቀስ አድርጎ እያወረደ ሳቀ። "ሁሴን ገና አልተወለደም፣ እታለም።"

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት አብራው ሳቀች። ዘይነባ ግን ዞር ብላ አየችኝ። መልሱ የእኔ ነበር። ዝም አልኩ። ፊት የበደልኩት ሳላውቅ ነው ልበል፤ ያን ቀን የበደልኩት ግን እያወቅሁ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ተመልሰናል። የፈረሰውን ግድግዳ ያቆመው እንግዳ ነው፤ እርዱኝ ብሎ ማንንም አልለመነም። መልኬን ፈልጌ ያጣሁበት ልጅ ኩራቴን እንዳለ ወርሶታል። የእንዲህ ያለ ልጅ አባት መሆኔን በሰው ፊት ልናገር ይገባኝ ነበር።

በመጪው ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ ያኔ ከነበሩት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩትን ቤቴ ጠርቻለሁ። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት አፈርሳለሁ። ስሙን ልጁ ከፈለገ ይውሰደው፤ ካልፈለገም መብቱ ነው። ዘይነባ ይቅር ብትለኝም ባትለኝም እናገራለሁ። አላወቅሁም ነበር ብዬ አላመካኝም፤ ያላወቀ ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም።

ማሳው ንጹሕ ነበር። ዘሪው አንድ ነበር፤ በደለኛውም እርሱ ነው።