ለአንካሳዋ ላም የተቀበረ ማሽላ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እኛ መተማ ተረት ብቻ አልነበረም። ሰሊጡ ተወቅቶ ሜዳው በሰደድ እሳት ሲጠቁር ከብቱ ሁሉ ወደ ሽንፋ ወንዝ ይነዳል። ክረምት እስኪገባ ላም አለን እንላለን እንጂ ወተቷን የሚያየው እረኛው ነው። ላም ያለው ሰው ለልጁ የሱዳን ዱቄት ወተት ሲበጠብጥ ማየት ያናድደኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ተናድጄ ዝም የምል ሴት አይደለሁም።

ያን ዓመት ግን ነገሩ ከወተትም አለፈ። ከወላጆቼ ቤት ይዣት የመጣሁት ላም ከሽንፋ አንክሳ ተመለሰች፤ ያውም በቅርቡ ከብዳ። በከብት ጉዳይ የቤቱ ቃል የአማቼ፣ የባሌ አባት፣ ነበር። ዞር ዞር ብለው አዩዋትና፣ «ይቺ ሁለተኛ ሽንፋ አትደርስም። ከብቱ ሲወርድ ለሉካንዳ ትሰጥ» አሉ።

«በጋውን እዚሁ እቀልባታለሁ፣ አባባ።»

«በምን? በአመድ?»

«በገፈራ።»

ገፈራ ማለት ገና እርጥቡን ተቆርጦ፣ አየር እንዳያገኝ ታፍኖ የሚቀመጥ መኖ ነው። ገንዳ ውኃ ከተማ በተሰጠን ሥልጠና ላይ ሲሠራ አይቼዋለሁ፤ ያየሁትን ደግሞ እሠራዋለሁ። አማቼ ሰምተውኝ ሲያበቁ ሳቁ። ቢሆንም ፈረዱልኝ። ከብቱ ሊወርድ ሲል ጉድጓዱ ይከፈታል፤ ላሚቱ ከበላች ትቀራለች፣ ካልበላች ባለ ሉካንዳው ይጠራል።

ባሌ ጉድጓዱን ከፍ ካለው ቦታ ላይ ቆፈረልኝ፤ ዝቅ ያለው ዋልካ አፈር ውኃ ያቁራል። አላፊ አግዳሚው «ማን ሞተባችሁ?» ሲለው፣ «የሚስቴ ማሽላ» እያለ ይመልሳል። ማሽላውን ፍሬው ወተት እንደቋጠረ ስናጭደው ጎረቤት ሁሉ ያበድን መሰለው። በገጀራ ከተፍነው፣ ጨመርን፣ ረገጥነው፤ ደግሞ ጨመርን። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱት ሠራተኞች ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው እስክስታ እየመቱ ረገጡልኝ። ባሌ የሰሊጥ መውቂያውን ሸራ ላልብስበት ሲለኝ፣ ሸራው ሰሊጥ ይይዝ ይሆናል እንጂ አየር አይይዝም ብዬ አዲስ ጥቁር ላስቲክ አስገዛሁት። ላስቲኩ ላይ አፈር፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫንንበት።

ወዲያው ሰሊጥ ደረሰ። የታጨደ ሰሊጥ ሂላ ይደረጋል፤ ነዶው ተደጋግፎ ይቆማል፣ ነፋስ በመሀሉ ያልፋል። ነፋስ ያላገኘ ሰሊጥ ይሻግታል። አማቼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በዚህ ሕግ ነው። አንድ ጠዋት ወደ ጉድጓዱ ብሄድ፣ ድንጋዩን ወደ ጎን ደርድረው፣ አፈሩን ጠርገው፣ ላስቲኩን በአንድ ወገን ገልጠው ቆመዋል።

«ትናንት ብነካው ሞቋል፤ ላስቲኩም ከሥሩ አልቦታል» አሉኝ በርኅራኄ። «ሊበሰብስብሽ ነው ልጄ። ነፋስ ይግባው ብዬ ከፍቼ አሳደርኩልሽ።»

«አባባ፣ ይኼ ሰሊጥ አይደለም! ላሜን ገደሏት!»

በእኛ አገር ምራት በአማቷ ላይ አትጮኽም። ሠራተኞቹ እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ሰሊጡ ዞሩ። እኔ ግን ማፈሩን ለኋላ አቆየሁት። የጠቆረውን ጠርጌ ጣልኩ፣ የቀረውን ራሴ ወርጄ ረገጥኩ፣ ላስቲኩን መልሼ በላዩ የአፈር ክምር ጫንኩበት። አማቼ ሰሊጡ ተወቅቶ እስኪያልቅ ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ ይመልሱልኝ ነበር።

በጥር ከብቱ ሊወርድ ሲል ጉድጓዱን ከፈትን። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ባለ ሉካንዳውም ሳይጠራ መጥቶ አጥሩን ተደግፏል። ከላይ ያለውን ሻግቶ አገኘሁት። በአካፋ ዝቅ ብዬ ስቆፍር ግን ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ወጣ፤ የቦካ ሊጥ ይሸታል። አንድ እቅፍ ወስጄ ላሚቱ ፊት አፈሰስኩት። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

አማቼ ወደ ባለ ሉካንዳው ተመለከቱ።

«ይቆዩ፣ አባባ!» አልኩ። «ይቺ ላም አዲስ ነገር አይጥማትም፤ እንደ እርስዎ ናት።»

ሰዉ ሳቁን ዋጠ። ጨው ነሰነስኩበት። ላሰችው፣ አንዴ አኘከች፣ ቆም አለች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ መሬቱን እስክትልስ በላች፤ ጨርሳም በግንባሯ ገፋችኝ። እልል አልኩ፣ ማንንም ሳልጠብቅ። ባለ ሉካንዳው መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ ከብቱ ወደ ሽንፋ ተነዳ። በየዓመቱ መንጋውን ከፊት የሚመሩት አማቼ ነበሩ፤ ያን ጠዋት ግን ዱላቸውን ለባሌ ሰጥተው ላሚቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አቧራው ከዓይን እስኪጠፋ ጠበቁና፣ «እኔም ዘንድሮ አልወርድም» አሉኝ።

«አመመዎት እንዴ፣ አባባ?»

«ጉልበቴ ካለቀ ቆይቷል።» ሱሪያቸውን ሰብስበው ያበጠውን ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «ለማን ልናገር? አንካሳ ምን እንደሚፈረድበት ፈራጁ እኔው ነኝ።»

ለላሚቱ የጠዋት ድርሻዋን ከጉድጓዱ አወጣሁ። ከቤት በርጩማ አምጥቼም አማቼን ከድንጋዩ ላይ አንስቼ አስቀመጥኳቸው።