የአንድ ሚሊዮን ሦስት ቀሪ

መምህርት ሃረገወይን ካለች አለች ናት። ጎሮ ባለው ትምህርት ቤት ሒሳብ ስታስተምር ፀጉሯ ሸበተ፤ እልኋ ግን አልሸበተም።

ዘንድሮ ሰሌዳው ላይ 1,000,003 ብላ ጻፈችና፣ «ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። አካፋይ ያገኘ ካለ ጠመኔዬን አስቀምጬ ከማስተማር እወጣለሁ!» ብላ ማለች። ስልኩን ሊያወጣ የዳዳውን ሁሉ በዓይኗ መለሰችው። ስልክ የነገራቸውን ሳይሆን በእጃቸው የደረሱበትን ነበር የፈለገችው።

ሥራው ያስፈራል እንጂ መላ አለው። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ከሺህ መብለጥ አይችልም፤ ሁለቱም ከበለጡ ብዜታቸው ያልፈዋላ! ስለዚህ ከሺህ በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈሉ መሞከር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና አካፋዮቹን ለተማሪዎቿ አደለቻቸው። ለቦሌ አራብሳዋ ሰኚ 13 ደረሳት።

ልጆቹ ቀሪያቸውን ይዘው መጡ። ሰኚ ግን ራሷ ቀረች። ሳምንቱ አለቀ። ጓደኞቿ፣ «ሁለተኛ አልመጣም ብላለች» አሉ።

«እኔ በ13 ላካፍልልሽና ይለቅ» አለ የፊዚክሱ መምህር መርሃዊ።

«አንድ አካፋይ ከዘለልን ምኑን አረጋገጥነው? ደግሞስ ልጅቷን ማን ይመልስልኛል?» አለችና ቅዳሜ ጠዋት የአራብሳ ታክሲ ተሳፈረች።

የሰኚ አባት አቶ ጃራ በሩን ከፈቱላት። ሰኚ መምህርቷን ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ቲቸር፣ በ13 ተካፈለ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ቀሪ የለውም። ከመጣሁ እርስዎ ሥራ ሊለቁ ነው። ካልመጣሁ ማንም አያውቅም ብዬ ነው።»

ሃረገወይን ንዴቷን ይዛ ነበር የመጣችው፤ የት እንደጣለችው አላወቀችም። ልጅቷ የእሷን እንጀራ ለማትረፍ ብላ የራሷን ትምህርት ጥላለች። ለጉራ የማለችው መሐላ አንዲት ልጅ ላይ ይህን ያህል መክበዱ አሳፈራት።

«እስቲ ያካፈልሽበትን አምጪውና ዜሮዎቹን ቁጠሪልኝ።»

ሰኚ ቆጠረች። አንድ ዜሮ ተርፏል። ስትገለብጥ አሥር ሚሊዮን ሦስት አድርጋዋለች፤ እሱ ደግሞ በ13 ልቅም ብሎ ይካፈላል።

«አየሽ፣ ማካፈሉንስ በትክክል አካፍለሻል፤ ያካፈልሽው ግን የኔን ቁጥር አይደለም። በአንድ ዜሮ ሁለታችንንም ከትምህርት ቤት ልታስወጪን! በይ፣ የኔን ቁጥር እንደገና አካፍዪና ሰኞ መልሱን ራስሽ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ።»

ሰኞ ጠዋት ሃረገወይን እንደ ወትሮዋ ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ «ዛሬ ቀሪ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

ሰኚ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«አራት፣ ቲቸር!»