የቨርሊን መሬትና የጃኔል ጉልበት

ቨርሊን ሃስኬት የጭነት መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ያረጀ ሰው ነው። ኢንዲያና ውስጥ፣ ከአባቱ በወረሰው የበቆሎ ማሳ ጫፍ ላይ፣ ከሚስቱ ከሎርናና ከአንድያ ልጁ ከጃኔል ጋር ይኖር ነበር። እሱ ራሱ የኮሌጅ ደጅ አልረገጠም። ልጁ ግን ገና በልጅነቷ እናቷን በቁመት በለጠች፤ መረብ ኳስ ስትመታማ አዳራሹ ይጮሃል። አንድ ቀን የክለብ አሰልጣኝ የቨርሊንን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ በኳሷ ኮሌጅ በነጻ ነው የምትማረው!» አለው። ከዚያን ወዲያ ቨርሊን ሌላ ነገር መስማት ተወ።

ክለቡ ራሱ ግን በነጻ አልነበረም። መመዝገቢያ አለ፣ ማሊያ አለ፣ የግል ልምምድ አለ። ዛሬ ቺካጎ፣ ነገ ኦርላንዶ፤ ሆቴሉ፣ ነዳጁ። አባትና ልጅ በአሮጌው ፒክአፕ እየተቃለዱ አገር ያካልሉ ነበር። ሲመለሱ ጃኔል ጉልበቷ ላይ በረዶ ይዛ ስትቀመጥ፣ «ስፖርተኛ ነሻ!» ይላታል በኩራት። ደሞዙ አልዳረስ ሲለው ማሳውን ለጎረቤቱ ሸጠ።

ሎርና በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ነገር የማታድበሰብስ ሴት ናት። ሽያጩ የተፈረመ ዕለት ድስት እያጠበች፣ «በዚህ ገንዘብ እዚሁ ያለው የመንግሥት ኮሌጅ አስተምሮ ያስመርቃት ነበር እኮ» አለችው።

«በነጻ ለሚገኝ ነገር ምን አስከፈለኝ?»

«እስካሁን የከፈልከውስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!»

«አንቺ ደግሞ ሟርትሽን ተዪ!» ብሎ በሩን አላግቶ ወጣ።

ጃኔል ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች።

ያ ሲጠበቅ የኖረው ዕድል መጣ፤ የመጣው ግን ሩቡ ነው። ኬንታኪ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የክፍያውን ሩብ እሸፍናለሁ አለ፤ እሱም በየዓመቱ ከታደሰ ነው። የቀረው በብድር። ሎርና «ይቅርባት» ብላ ለመነችው። ቨርሊን ግን ይህን ሁሉ አፍስሼ እንዴት እመለሳለሁ ብሎ ፈረመ። በማግስቱ የኮሌጁን ኮፍያ አድርጎ ጋራዥ ሲገባ ባልደረቦቹ፣ «የሻምፒዮኗ አባት! ዛሬ ምሳ ባንተ ነው!» እያሉ ከበቡት። ሩብ መሆኑን ለማንም ሳይተነፍስ ጋበዛቸው።

ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ጃኔል በጨዋታ መሃል ዘላ ስታርፍ የግራ ጉልበቷ ከዳት። ጩኸቷ ተመልካች መካከል የተቀመጠው አባቷ ጋ ደረሰ። ሆስፒታል ሐኪሙ የጉልበቷን ምስል አይቶ፣ ጅማቱ የተበጠሰው ዛሬ ቢሆንም ጉዳቱ የቆየ መሆኑን ነገራቸውና ወጣ።

ቨርሊን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «የቆየ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ጀምሮ ያመኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «መሬቱን ሸጠህ የለም እንዴ አባዬ? ምን ብዬ ልንገርህ?»

ጉልበቷ ላይ ትይዘው የነበረው ያ ሁሉ በረዶ ትዝ አለው።

የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ኮሌጁ ድጎማውን እንደማያድስ አስታወቀ። ጃኔል ሳትመረቅ ቤቷ ገባች፤ ብድሩም ተከትሏት መጣ። አሁን ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለ መጋዘን ቆማ ካርቶን ታሽጋለች። ቨርሊንም ጡረታ መውጫው ደርሶ ሳለ እሑድን ጨምሮ ይሠራል። ሎርና «ብዬህ ነበር» አላለችውም። ብትለው ይሻለው ነበር።

አንድ ማታ ቨርሊን ራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ ጃኔልን፣ «ይቅር በዪኝ፤ ገንዘቡንም ዕድሜሽንም አባከንኩት» አላት።

«ገንዘቡ አይደለም የሚቆጨኝ አባዬ» አለች ጃኔል። «ኳሱን እወደው ነበር። ከልቤ ነበር የምወደው። አሁን የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ ድምፁን ስሰማ መስኮት እዘጋለሁ።»

ሎርና ተነሥታ ድንቹን ጨመረችላት። ጃኔልም ነገ በጠዋት ሥራ ገቢ ስለነበረች በልታ እንደጨረሰች ወደ መኝታዋ ወጣች፤ በየደረጃው ቆም እያለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ።