የመሪጌታ ቃላትና እንቢ ያለው ፕሪንተር

ባለፈው ሳምንት አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ከቤቴ ፕሪንተር ጋር ላገናኘው ብል አሻፈረኝ አለ። ሁለቱን የሚያግባባው ትንሽ ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ ለእንደዚህ ያለ አሮጌ ፕሪንተር መሠራቱ ቀርቷል። ልጄ "እማዬ፣ ጣይውና ሌላ ግዢ" አለኝ። የኔ ልብ ግን ሰቆጣ ሄዶ ነበር።

ከደብረ ታቦር ተመድቤ ሰቆጣ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆንኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ሲያወሩ አንድም ቃል አይገባኝም ነበር። መዝናኛዬ ከሥራ ስወጣ ገበያ ዳር ቆሜ የተላጠ በለስ መብላት ነው። በቢሮዬ ጥግ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ነበር። መሪጌታ ሀብቱ የሚባሉ የቅኔ መምህር ለዓመታት የሰበሰቧቸው የኽምጥኛ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው እዚያ ውስጥ ነበሩ። የጻፉበትን ወረቀት የክረምት ፍሳሽ አበላሽቶባቸዋል፤ የተረፈው ከእኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ የተየበችላቸው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ።

"ልጄ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ወረቀት ላይ ልየው" አሉኝ።

"ነገ አትሜ እሰጥዎታለሁ፣ የኔታ" አልኩ። የልጅነት ድፍረት!

የቢሮው የድሮ ፕሪንተር ተበላሽቶ በአዲስ ተተክቶ ነበር። አዲሱ ደግሞ የዚያን ኮምፒውተር ዘመን አያውቅም። የሚያግባባቸውን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ ላወርድ ስሞክር፣ ለቆዩ ኮምፒውተሮች የነበረው ሁሉ ተነሥቷል። ጽሑፉን በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስወስደው ያኛው የድሮውን ፊደል ስለሌለው ቃላቱ ሁሉ ሰረዝና ነጥብ ሆኑ።

ቆላው ውስጥ፣ ኒሯቅ ከተማ የሚሠራ ካሣ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ድራይቨሩ ያለበት ሲዲ ሳይኖረው አይቀርም አሉኝ። ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድኩ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል፣ አቧራው ጥርሴ ላይ ይንቋቋል። ካሣ መሳቢያውን ሲበረብር ቆይቶ ሲዲውን አወጣ። መሐሉ ተሰንጥቋል።

"ድሮ ሲጠፋብን ከድረ ገጹ እናወርድ ነበር" አለኝ እንደ ማፈር ብሎ። "እንደሚያነሡት ማን አወቀ?"

ሰኞ ለመሪጌታ ስነግራቸው እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ብራና በምንድን ነው የሚገለበጥ?"

"በእጅ ነው፣ የኔታ።"

"ታዲያ እጅ የለሽም?"

ጾሙን ሙሉ ከሥራ በኋላ አብረን ተቀመጥን። እኔ ከኮምፒውተሩ እያነበብኩ በደብተር እገለብጣለሁ፤ እሳቸው ያዳምጣሉ። ከጉሮሮ የሚወጡትን ድምፆች ሳበላሻቸው ይስቁብኛል፤ እስካስተካክለው ግን ወደሚቀጥለው ቃል አያሳልፉኝም። ኮምፒውተሩ በየመሐሉ ይጠፋል። እስኪነሣ ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን የሽምብራ ቆሎ እንቆረጥማለን።

ሆሳዕና ሲቃረብ ጭራሽ አልነሣ አለ። ጥቂት ገጽ ቀርቶን ነበር። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያስታውሱትን ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። አንዳንዱ አልመጣላቸውም። "እሱስ ሄደ" ይላሉ፣ እንደ ሰው። ደብተሩን ስሰጣቸው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ገጽ በገጽ አዩት፤ ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ።

መሪጌታ ካረፉ ቆዩ። ደብተሩ ሴት ልጃቸው ዘንድ ነው። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፦ "እህቴ፣ ይችን ቃል አባባ እንዴት ነበር የሚሏት?" እኔ የደብረ ታቦሯ እንዳስተማሩኝ አድርጌ እላታለሁ። ደግማ ትላትና "አዎ፣ እንደሱ" ትለኛለች።

ፕሪንተሩ እንቢ ያለው ለበጎ ነው ማለት በቀለለኝ ነበር። ግን በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የሌሎች ሰዎች ጽሑፍም ነበር፤ አብሮት ጠፋ። እንደ መሪጌታ ከዘራ ይዞ የመጣላቸው ሰው ስላልነበረ፣ ከፍቼ እንኳ አላየኋቸውም።