ከባያ ባሕር ሥር የቆመው ምሰሶ

ኑንዚያታን ሥራዋ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት «አሸዋ እገልጣለሁ፣ አሸዋ አለብሳለሁ» ትላለች። እውነቷን ነው። ባያ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የድሮዎቹ የሮም ጌቶች የተንፈላሰሱበት ቤት ሁሉ መሬቱ ሰምጦ ዛሬ ባሕር ውስጥ ነው። ጎብኚዎቿን የአየር ሲሊንደር አሸክማ ታወርዳቸውና፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አሸዋውን በመዳፏ ታራግበዋለች። በጥቃቅን ጠጠር የተሠራው ሥዕል ብቅ ይላል። አይተው ሲጠግቡ መልሳ ታለብሰዋለች፤ ተገልጦ ከቀረ የባሕር ትልና አረም ይበላዋል። አንዱ ቱሪስት ጠጠር ላንሳ ቢል እዚያው ውሃ ውስጥ እጁን ቸብ ነው የምታደርገው፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር የላትም።

ወንድሟ ካቴሎ ይህን ሥራዋን መሳቂያ አድርጎት ነበር።

«ሁለት ሺህ ዓመት የሞተ ሰው ቤት ትጠርጊያለሽ፣ የእናትሽ ደረጃ ግን አቧራ ለብሷል።»

«አንተ ደግሞ ታፈርሰዋለህ» ትለዋለች።

እሷ ስትቀልድ አልነበረም። ካቴሎ የሚኖረው የባሕር ቴምር የሚሉትን ዛጎል እያወጣ ነው። ይሄ ዛጎል ድንጋይ ሰርስሮ ውስጡ ስለሚኖር ድንጋዩ ካልተፈለጠ አይገኝም፤ ማውጣቱም፣ መሸጡም፣ መብላቱም ያሳስራል። ኪሳቸው የሞላ ሰዎች ግን በጓሮ በር ያስመጡታል፣ የእጃቸውን ይስጣቸው። ካቴሎ አንዴ ተይዞ ዳኛው በገደብ ለቆታል። ሁለተኛ ከተያዘ ወህኒ ነው።

በጸደይ ኑንዚያታ ጎብኚዎች ይዛ የጥንቱን ወደብ ትልልቅ ምሰሶዎች ስታዞር፣ የመጨረሻው ምሰሶ ከሥሩ ተቦርቡሮ አየችው። መዶሻ ያረፈበት ገና ነጭ ነው። የማን እጅ እንደሆነ አላጣችውም። ለባሕር ጠባቂዎቹ ነግራ ምሰሶው እንዲደገፍ፣ አካባቢውም እንዲታጠር ማድረግ ነበረባት። እሷ ግን ሰዎቹን በሌላ በኩል አዙራ መለሰቻቸው። ቤት ስትገባ ካቴሎን ያዘችው።

«ያ ምሰሶ ሥር የለውም እኮ። ይወድቅብሃል።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ቆሞ እኔን ጠብቆ ነው የሚወድቀው?»

«ካቴሎ፣ እናገራለሁ።»

«አትናገሪም» አላት፤ እየሳቀም ግንባሯን ሳማት። አልተናገረችም።

በኅዳር ወር ባንዱ እሑድ ነፋስ ተነሳና ጉብኝት ተሰረዘ። ጎብኚ ከሌለ የሚያይ ዓይን የለም፤ ካቴሎ በጠዋት ወጣ። ረፋዱ ላይ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እዚያ አገር ይሄ ብርቅ አይደለም፤ እናትየው ፊሎሜና የቲማቲም ስጎዋን እያማሰለች አማተበችና ማማሰሏን ቀጠለች። ምሳ ደረሰ፣ ካቴሎ የለም። የእሑድ ምሳ ደግሞ ቀርቶበት አያውቅም። ኑንዚያታ ስልኳን አነሳች።

«ለባሕር ጠባቂዎቹ ልደውል።»

እናቷ እጇን ያዘቻት። «ወንድምሽን በገዛ እጅሽ ልታሳስሪው ነው?»

«እማዬ፣ የት እንዳለ አውቃለሁ። ያ ምሰሶ...»

«ያገኘውን ሊሸጥ ሄዶ ይሆናል። ደግሞ ጀልባው ላይ ያ ማሽን አለው፣ አየር በቱቦ ይልክለታል። አንድ ነገር ቢይዘው እንኳ እየተነፈሰ ራሱን አስለቅቆ ይመጣል። ትንሽ ጠብቂ፣ ልጄ። እስቲ ትንሽ።»

እናንተ ብትሆኑስ? ልጅ ወህኒ ሊገባ ነው፣ እናት እጅ ይዛ ትለምናለች። ኑንዚያታ ስልኩን አስቀመጠችው። ፓስታው ቀዘቀዘ። አንዷ በመስኮት፣ አንዷ ሰዓት ሲያዩ ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ኑንዚያታ እናቷን ሳታስፈቅድ ደወለች፤ ጠባቂዎቹ እስኪደርሱም አልጠበቀች፣ በመሥሪያ ቤቷ ጀልባ ብቻዋን ወጣች።

የካቴሎ ጀልባ ከቋጥኙ ጀርባ መልህቋን ጥላ ትወዛወዛለች። ማሽኑ ድምፅ የለውም። ቱቦው ወደ ታች ወርዷል። ሲሊንደሯን አዝላ ጠለቀች። ምሰሶው ተጋድሟል፤ ካቴሎ ከወገቡ በታች ከሥሩ ነው። እጁ የደረሰበትን ድንጋይ ሁሉ፣ ለመውጣት ሲታገል፣ በመዶሻው ፈልጦ ፈልጦ ጨርሶታል። ትንፋሽ አልነበረውም።

ወደ ጀልባው ወጥታ ማሽኑን በመዳፏ ነካችው። ገና ለብ ያለ ነበር፤ ከቆመ ብዙም አልቆየም። የነዳጁን ክዳን ከፍታ ወደ ውስጥ አየች፤ ጠብታ የለም። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ፊሎሜና ኩሽና ተቀምጣ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ሲወድቅበት ወዲያው ነው አይደል?»

«ወዲያው ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ቀደም ብለን ብንደውልም አናተርፈውም ነበር።»

«አናተርፈውም ነበር» አለች ኑንዚያታ።