ዳበሳ የገንዳውን ወለል ያየች ዕለት

በየብስም በውሃም ለሚኖር ፍጡር ሁሉ፣ ቀና ብሎ ለሚሄደውም ተንሳፍፎ ለሚውለውም ይታወቅ ዘንድ፦ ርዝመቱ ሃያ አምስት ሜትር በሆነ፣ መሃሉን ከሚከፍለው ገመድ ወዲህ እስከ ደረት፣ ከገመዱ ወዲያ ሁለት የሰው ቁመት በሚጠልቅ፣ ክሎሪን ክሎሪን በሚሸት ግዛት ላይ፣ የጎማ ጫማ ተጫምታ፣ ፊሽካ ከአንገቷ አንጠልጥላ፣ አሥራ አራት ዓመት ሳትሻር የኖረች አንዲት የዋና አስተማሪ ነበረች። ግዛቷን ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

ይህን ስል መሳደቤ አይደለም፤ የሐኪም ወረቀት ላይ የሰፈረ ነው። የዓይኗ ቁጥር ሲቀነስ ሰባት ነበር። መነጽሯን ስታወልቅ ከክንዷ ርዝመት ወዲያ ያለው ዓለም ወተት እንደተደፋበት ሥዕል ይሆንባታል። መነጽር አድርጎ ደግሞ አይዋኝም፤ ዳር ላይም እንፋሎቱ ያጨልመዋል። ስለዚህ በየማለዳው መነጽሯን በግራ እግር ጫማዋ ውስጥ ትታ ውሃ ትገባለች፤ ስትወጣ በዳሩ ላይ በእጇ እየዳሰሰች ጫማዋን ትፈልጋለች። ተማሪዎቿ «ዳበሳ» ብለው ስም አወጡላት። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው የሌላ ሰው ጫማ ነበር።

ምንም አልሞከረችም እንዳትሉ። ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ሞክራ፣ ዓይኗ መርቅዞ ሁለት ሳምንት ጨለማ ክፍል ተቀምጣለች። ቁጥር ያለው የዋና መነጽር አዝዛ የመጣላት የሌላ ሰው ቁጥር ነበር፤ አድርጋው ስትገባ ገንዳው ሁለት ሆኖ ታያት። አንዱ መቼ አነሰኝ ብላ መለሰችው።

በመጨረሻ ዘዴ ዘየደች። ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቀለም ያለው ቆብ ሰጠች። የማለዳው ክፍል ተማሪዎች አዋቂዎች ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ቀይ፣ የጥርስ ሐኪሙ አረንጓዴ፣ የመዋኛው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ደግሞ ቢጫ። ቀለሙ ወደፊት ከተጓዘ ተማሪው ይዋኛል፤ ከቆመ አይዋኝም። በዚህ ሳይንስ መሠረት የክፍሉ አንደኛ ቢጫው ነበር። ሌላው ሲንፈራገጥ፣ ሲረጭ፣ ውሃ ሲጠጣ፣ ቢጫው ከገመዱ ወዲህ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ክንዱን እያወራጨ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«ሁላችሁም ቢጫውን እዩ» ትላለች ዳበሳ። «ውሃውን አያውከውም። ዋና ማለት ይኼ ነው።»

ሁሉም ያያሉ። አይተውም አንዳንዶቹ ያጨበጭባሉ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሦስት ወር ሄደ። አንድ ጠዋት ግን መነጽሯን አውልቃ ልትገባ ስትል ከገመዱ ወዲያ፣ ከጥልቁ ሥር ጥቁር ነገር ተጋድሞ ታያት። ፊሽካዋን ነፍታ፣ ሳታመነታ ዘላ ገባች፤ ጠልቃ ብብቱ የመሰላትን ይዛ፣ እየጎተተች ዳር አወጣችው። አንጋልላ ደረቱን ልትጫን ስትል ጡረተኛዋ ፖስተኛ እጇን ያዟት።

«ተይው ልጄ» አሏት። «ምንጣፍ ነው።»

የመታጠቢያ ክፍሉ የጎማ ምንጣፍ ነበር።

በዚያው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ቢሮው ማንም እዚያ ተወዳድሮ ባላመጣው ዋንጫ የተሞላ ጠባብ ክፍል ነው።

«ነፍስ አዳንሽ አሉኝ።»

«ምንጣፍ ነበር፣ አለቃ።»

«ተረፈ?»

«ተርፏል።»

«እግዜር ይመስገን። አሁን ቀልዱን እንተወው» አለ፤ ቀልዱን የጀመረው ራሱ ቢሆንም። «ከሁለት ወር በኋላ ራሴ እፈትንሻለሁ። የገንዳው ወለል ላይ አምስት ዕቃ እጥላለሁ። ዳር ቆመሽ፣ ያለ መነጽር፣ አንድ በአንድ ካልነገርሽኝ ፎጣ ማደያው መስኮት ላይ ትቀመጫለሽ። እስከዚያ ፊሽካው እኔ ጋ ይቆይ።»

ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት። ማታ ባሏ የሰው ሰዓት ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ ነው የሚውለው።

«እኔ በአንድ ዓይን ቤት አስተዳድራለሁ» አላት። «አንቺ በሁለት ዓይን ምንጣፍ ታድኛለሽ።»

«ምንጣፉን ሰው መስሎኝ አወጣሁት» አለች። «ነገ ሰውየው ምንጣፍ ቢመስለኝስ?»

ባሏ ወረንጦውን አስቀመጠ። ማጉያውን ከዓይኑ አወለቀ።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለ።

የዓይን ሐኪሟ የማታሞኝ ሴት ነበረች። የዳበሳን አገጭ መሣሪያው ላይ አስደግፋ፣ የዓይኗን ቁጥር በሌዘር ከማስተካከሏ በፊት የፊት ሽፋኑን ውፍረት ለካች፤ ከሳሳ አይነካም። ዳበሳ ውጤቱን ስትጠብቅ የወንበሩን መደገፊያ ቀለም በጥፍሯ ላጠችው።

«ለጥቂት አልፈሻል» አለች ሐኪሟ። «ተአምር ግን አልሸጥልሽም። ዓይንሽ ለወራት ይደርቃል፤ ማታ ማታ መብራት ዙሪያውን የብርሃን ቀለበት ሊሠራብሽ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ለማንበቢያ መነጽር ያስፈልግሻል። ለአንድ ወር ደግሞ ገንዳ አትገቢም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ያንቺ ነው።»

አሥራ አራት ዓመት የፈጀው ነገር ሩብ ሰዓት አልሞላም። በጠብታ ዓይኗን አደነዘዙት፤ የዓይኗ ቆብ እንዳይከደን ደግፈው ያዙት። «አረንጓዴዋን ነጥብ ብቻ እዪ» ተባለች። አየች። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ነገር ሸተታት።

«የራሴ ዓይን ነው የሚሸተው?»

«ነጥቧን እዪ» አለች ሐኪሟ።

ቤቷ የገባችው ሽንኩርት ስትልጥ እንደዋለች ሴት እያለቀሰች፣ በሁለቱም ዓይኗ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የላስቲክ መከለያ ተለጥፎባት ነበር።

«ዝንብ መሰልሽ» አላት ባሏ።

«ዝንብ እኮ ያያል» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ መከለያውን አነሳላትና ጠብታውን ሊያመጣ ወጣ። እሷ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ኮመዲኖው ሰድዳ መነጽሯን ስትዳብስ የውሃውን ብርጭቆ ገፋችው። ብርጭቆው ወደቀና ተሰበረ። እጇ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ሲወድቅ አይታው ነበር። ከኮመዲኖው ጠርዝ ሲንሸራተት፣ ውሃው ከብርጭቆው ቀድሞ ሲፈስ፣ ሁሉንም አይታዋለች።

ባሏ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንሽ?»

ትክ ብላ አየችው። «ጆሮህ ላይ ፀጉር አለ» አለች፤ ጠብታውን ሲያደርግላትም ከእንባዋ ጋር ተቀላቀለ።

ያን ወር በእግሯ ስትሮጥ ከረመች። ዝናብ ፊቷ ላይ ሲወርድ ዝናብ ብቻ ሆነ፤ የመነጽር መስታወት መጥረግ ቀረ። የሾርባ እንፋሎት አላሳወራትም። የአውቶቡሱን ቁጥር ያለ መነጽር ማዶ ሆና አነበበች። ለዓመታት ከገንዳ መልስ በጨለመ መነጽር ስታልፋቸው «ኩሩ ናት፣ ሰላምታ አትመልስም» ሲሉ የከረሙ ጎረቤቶች ከሩቅ ሰላም ስትላቸው ምን ፈልጋ ነው ብለው ተጠራጠሩ። ጣቷ ብቻ አልሰማም፤ የሌለውን መነጽር አፍንጫዋ ላይ ሲገፋ ይውላል።

የተቀጠረው ሁለት ወር አልቆ የፈተናው ጠዋት ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ቢጫ ቆቡን አጥልቆ፣ ፊሽካዋን አንገቱ ላይ አስሮ ከገመዱ ወዲህ ገብቷል። ክንዱን እያወራጨ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄዶ አምስቱን ዕቃ ጣለ። ዳበሳ ዳሩ ላይ ቆመች። የፎጣ ማደያው መስኮት ከጀርባዋ ነው። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ያዙ። ከቢጫው ቆብ በቀር የሚንቀሳቀስ ስላልነበረ ውሃው ረጋ።

«በይ» አለ መንገዱን ሳያቋርጥ። «ምን ይታይሻል?»

«ቁልፍ» አለች። «ማንኪያ። ማበጠሪያ፤ ሁለት ጥርስ የጎደለው። የበር እጀታ። ሳንቲም።»

«አምስት። አልፈሻል።»

«ስድስተኛም አለ።»

«የጣልኩት አምስት ነው።»

«ያልጣሉት ነው፣ አለቃ። የግራ እግርዎ አውራ ጣት። ወለሉን ረግጧል። ቀኙም ከኋላው እየመጣ ነው።»

ቢጫው ቆብ ቆመ። ቀዩ ቆብ ውሃ ውስጥ ገባና አረፋ ደፈቀ፤ ጡረተኛዋ ሳቃቸውን ሊደብቁ ነበር።

«ያውቁ ነበር?» አለቻቸው ብቅ ሲሉ።

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ፣ እማማ?»

«አንቺ አይደለሽ ቢጫውን እዩ ያልሽን? አየን።»

ልብ በሉ፤ በዚያ ገንዳ ውስጥ አሥራ አንድ ጥንድ ጤነኛ ዓይን ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድ የተከበረ ሰው ወለል ላይ ሲራመድ አይተው እንደ ዋና ቆጠሩለት፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። አታይም የተባለችው ግን አንዷ ብቻ ነበረች። ዓይኗ ተከፍቶ ገንዳው ዳር በተመለሰችበት በመጀመሪያው ጠዋትም አፏ አብሮ ተከፈተ፤ ይህን ሐኪሟ አላስጠነቀቀቻትም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ዳር መጣ። በዚህኛው ጉዞ ክንዱን አላወራጨም፤ በሐቅ ተራመደ። ፊቱ እንደ ጡረተኛዋ ቆብ ቀልቷል። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋላት፤ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ውሃ እፈራለሁ» አለ። «ከልጅነቴ።»

ዳበሳ ፊሽካዋን አጠለቀች። የልቧ ምት ሲረጋ ተሰማት፤ ከምንጣፉ ቀን ወዲህ እንዲያ ረግቶ አያውቅም።

«እንግዲያው ከእግር ማንሳት እንጀምራለን» አለችውና ገባች። «ከሥር እይዝዎታለሁ። አይፍሩ፤ አሁን ይታዩኛል።»

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ እግሩ ተነሳ። ሌላኛው እስካሁን በድርድር ላይ ነው። እሷም በየማለዳው ከማስተማሯ በፊት አንዴ ጠልቃ፣ የተማሪዎቿን እግር አንድ በአንድ አይታ ትወጣለች።

አንተም አንባቢ፣ መነጽር አስፈልጎህ የማያውቅ፣ ዓይንህ ብሌኑ እንደ ንስር የሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ በቀጣዩ ጊዜ ቢጫ ቆብ ያጠለቀ ሰው በፊትህ ቀጥ ብሎ ሲያልፍና አጠገብህ ያለው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እጅህን ከማንሳትህ በፊት እስቲ ዝቅ በልና እግሩን እይ።