ወለተጊዮርጊስና የአል ጀለዊያው ጄኔሬተር

ወለተጊዮርጊስ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ወረታ እያለች እናቷ «ይቺ ልጅ እህል የምትቀምሰው እንኳ ቆማ ነው» እያሉ ያሟት ነበር። ሳውዲ አረቢያ፣ ደማም ከተማ ከገባች ወዲህ ደግሞ ባሰባት።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 መጀመሪያ የመጣችው አል ጀለዊያ በሚባለው ሰፈር፣ ኡም ፈይሰል የሚባሉ አሮጊት ለማስታመም ነው። የኡም ፈይሰል ሳንባ ደክሟል። ከአልጋቸው አጠገብ በመብራት የምትሠራ፣ እንደ ትንሽ ሻንጣ ያለች የኦክስጅን ማሽን ተቀምጣለች፤ ከማሽኗ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ይደርሳል። ልጃቸው ፈይሰል በጎረቤት ከተማ፣ ኾበር ውስጥ ቢሮ ይሠራል። ሚስቱም ሠራተኛ ናት። ሾፌሩ ኢስሀቅ፣ የከሚሴ ሰው፣ ጧት ሚስቱን ሥራ አድርሶ ቀኑን ሙሉ ለቤቱ ጉዳይ ሲሯሯጥ ይውላል። ስለዚህ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ያሉት አሮጊቷና ወለተጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ።

በ2016 ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ የቤቱ ድምፅ ሁሉ በአንዴ ቆመ። ኤሲው ዝም፣ ፍሪጁም ዝም። ወዲያው ከኡም ፈይሰል ክፍል ቀጭን ጩኸት ተሰማ። ማሽኗ መብራት ሲቋረጥባት የምታሰማው ነው። ወለተጊዮርጊስ ቢላዋውን ጥላ ሮጠች።

ለክፉ ቀን ተብሎ ጥግ የቆመ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበር። ቱቦውን ከማሽኗ ነቅላ እሱ ላይ ሰካችና ቁልፉን አዞረችው። የመለኪያው መርፌ ከሩብ በታች ነበር። ከዓመት በላይ ማንም አላስሞላውም፤ እሷም አላየችውም። ለፈይሰል ደወለች።

«ማማ መብራት የላትም። ኦክስጅኑም ትንሽ ነው» አለችው በተሰባበረ አረብኛ።

«መጣሁ» አለና ዘጋው።

ከኾበር እስኪመጣ ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ። ፎጣ እያራሰች የአሮጊቷን ግንባርና ደረት ትጠርጋለች፤ ተነስታ መርፌውን ታያለች፤ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ከውጭ የሚገባው አየር የባሰ ሲሆንባት መልሳ ትዘጋለች። ኡም ፈይሰል እጇን ይዘው አልለቀቁም። የጥፍራቸው ቀለም እየጠቆረ ሲሄድ እያየች እሷም የራሷን ትንፋሽ መቁጠር ጀመረች። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ መብራቱ መጣ። መርፌው ዜሮ ላይ ደርሶ ነበር። ፈይሰል ሲገባ ወለተጊዮርጊስ ቱቦውን ወደ ማሽኗ እየመለሰች ነበር። በኋላ እንደተሰማው፣ መብራቱ የጠፋው ከመንገዱ ማዶ የሚቆፍር ማሽን የመሬት ውስጥ ኬብል በጥሶ ነው።

ፈይሰል ያን ቀን ማታ ጄኔሬተር እንደሚገዛ ተናገረ። ትልቅ ነገር ሲገዛ ልቡ የሚያርፍለት ሰው ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ማሽኗን ለመፈተሽ ናሁሰናይ መጣ። የሕክምና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በየሁለት ወሩ እየመጣ ማጣሪያዋን ያጥባል። የሆነውን ነገረችው።

«ጄኔሬተር መጥፎ አይደለም» አላት። «ኤሲ ያስነሳል፤ ነዳጅ እስከጨመሩለት ድረስ ይሠራል። ግን የሚያስነሳው ማን ነው?»

«ጋሽ ኢስሀቅ።»

«ቤት ከሌሉስ?»

ወለተጊዮርጊስ ወደ አልጋው ዞራ አየች።

«ለማሽኗ ባትሪ ነው የሚሻለው፣ እህቴ። ትልልቅ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር ሣጥን፣ ኢንቨርተር የሚሉት። ግድግዳ ሥር ይቀመጣል። መብራት ሲሄድ ማንም ሳይነካው እሱ ይቀበላል። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ጉድለቱ፣ ኤሲ አይችልም፤ ከሰዓታት በኋላም ያልቃል።»

ፈይሰል ሲመለስ በር ላይ ጠብቃ ነገረችው። ፈገግ አለ። «ባትሪ ለስልክ ነው፣ ወላ» አላት፤ ስሟ ረዝሞባቸው ቤቱ በሙሉ ወላ ይላታል። «ጄኔሬተሩን አዝዣለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ጄኔሬተሩ መጣ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ከኡም ፈይሰል ክፍል መስኮት በታች ተቀመጠ። የቤቱ መብራት የሚከፋፈልበት ማብሪያ ሣጥን አሮጌ ነውና ከእሱ ጋር አላገናኙትም፤ ወፍራም ገመድ በመስኮቱ ክፍተት አስገብተው ማሽኗንና ኤሲውን ቀጥታ እንዲሰኩበት አደረጉ። ኢስሀቅ የማስነሻውን ገመድ አንዴ ሲስበው ተነሳ። አየሩ ዝም ያለ ቀን ስለነበር ጭሱ ወደ ላይ ወጣ። ፈይሰል ተደሰተ።

ወለተጊዮርጊስ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት አጣች። ኢስሀቅ መኪናውን አስነስቶ በወጣ ቁጥር ግቢ ወጥታ ጄኔሬተሩን ታያለች። ቀስ በቀስ ብቻዋን መለማመድ ጀመረች። ኡም ፈይሰል ሲያሸልቡ ከአልጋው አጠገብ ተነስታ ትሮጣለች፤ የኋላውን በር ትከፍታለች፤ የነዳጁን መክፈቻ ታዞራለች፤ ገመዱን ትስባለች። ሰውነቷ ቀጭን ነው። ገመዱ ሦስቴ ሲሳብ አንዴ ይነሳላታል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ እንቢ ይላታል። ትከሻዋ አብጦ ልብስ ማስጣት አቃታት። በስልኳ ሰዓት ስትለካው፣ ከአልጋው እስከ ሞተሩ መነሳት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ጊዜ አምስት ሆኗል።

«ምን ነካሽ፣ ወለቴ?» አላት ኢስሀቅ አንድ ቀን፣ እጇ ላይ የነዳጅ ሽታ ሲሸተው። «የኔን ሥራ ልትቀሚኝ ነው?»

«እርስዎ አየር ማረፊያ ሲሄዱ መብራቱ ይጠብቅዎታል ወይ?» አለችው።

ኢስሀቅ ሳቁን ተወ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሊንደሩን ይዞ እየሄደ ማስሞላት የሱ ሥራ ሆነ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የፈራችው ደረሰ። ኢስሀቅ የፈይሰልን አጎት ለመቀበል ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ሄዷል። ረፋዱ ላይ ከኮሪደሩ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተታት፤ አሮጌው ማብሪያ ሣጥን ጢሱን ለቆ ቤቱ በሙሉ ጠፋ። ሲሊንደሩን ከፍታ የኡም ፈይሰልን ቱቦ ሰካችበትና ወደ ግቢው ሮጠች። በሁለተኛው ስበት ሞተሩ ተነሳ። ተመልሳ ማሽኗንና ኤሲውን ገመዱ ላይ ሰካች። ሁለቱም ሠሩ፤ ቱቦውን ወደ ማሽኗ መለሰች።

ለአፍታ ያረፈች መሰላት። ነገር ግን ያን ቀን የሰሜኑ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ጭሱን እያጠፈ በመስኮቱ ክፍተት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ኡም ፈይሰል መሳል ጀመሩ። ክፍተቱን በፎጣ ወተፈችው፤ አልቆመም። ጭሱ የእሷንም ግንባር መውጋት ሲጀምር ተጨማሪ አልጠበቀችም። ወጥታ ጄኔሬተሩን አጠፋችው። ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ መለሰች፤ አሮጊቷን ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠች፤ ሲሊንደሩን እግራቸው ሥር አድርጋ ከቤቱ ማዶ ወዳለው የእንግዳ ክፍል ገፋቻቸው። የዚያን ክፍል መስኮቶች ከፈተች፤ ለፈይሰልም ደወለች። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ አየሩ ግን ንጹሕ ነው።

ፈይሰል ሲደርስ መጀመሪያ ያየው የጠፋውን ጄኔሬተር ነው።

«አልነሳ አለሽ?»

«ተነስቶ ነበር። እኔ አጠፋሁት።»

ፊቱ ተለወጠ። «እናቴ በዚህ ሙቀት ተቀምጣ አንቺ ታጠፊዋለሽ? ማን ፈቀደልሽ?»

ጭሱን በአረብኛ ለማስረዳት ሞከረች፤ ቃላቱ ተያያዙባት። ያኔ ኡም ፈይሰል እጃቸውን አነሱ። ቀስ እያሉ፣ በየሁለት ቃሉ እየተነፈሱ ነው የተናገሩት።

«ፈይሰል፣ ሂድ አስነሳው። ከዚያ እኔ ክፍል ገብተህ አልጋዬ ላይ ተቀመጥ። በሩን ዝጋው። እኔ ስጠራህ ትወጣለህ።»

«እማ፣ ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ሂድ ብዬሃለሁ።»

ሄደ። የሞተሩ ድምፅ ተሰማ፤ የክፍሉ በር ተዘጋ። ወለተጊዮርጊስ በእንግዳው ክፍልና በኮሪደሩ መካከል ትመላለሳለች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሳይጠሩት በሩ ተከፈተ። ፈይሰል እየሳለ፣ ዓይኖቹ ቀልተው ወጣ። በቀጥታ ወደ ግቢው ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። ተመልሶ እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ። ወለተጊዮርጊስንም ይቅርታ አልጠየቃትም። ብቻ ቀና ብሎ፣ «የዚያ የማሽን ሠሪው ልጅ ስልክ አለሽ?» አላት።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማታውኑ ማብሪያ ሣጥኑን ለወጠው። በማግስቱ ናሁሰናይ መጣ። ፈይሰል ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አድርጎ እንዲነግረው ጠየቀው፤ ልጁም ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረው። ባትሪው ማሽኗንና አንድ ማራገቢያ አራት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ኤሲውን አይችልም። ጄኔሬተሩ ኤሲውን ይችላል፤ ጭሱ ግን፣ ሽታው ባይሰማ እንኳ፣ ይገድላል፤ ከመስኮት መራቅ አለበት፤ አስነሺም ይፈልጋል።

ፈይሰል ወደ ወለተጊዮርጊስ ዞረ። «አንቺ ነሽ ከእሷ ጋር የምትውይው። የቱ ይሁን?»

በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላት አያውቅም።

«ብቻዬን ስሆን፣ ብቻውን የሚነሳ ነው የምፈልገው» አለች። «ጄኔሬተሩን አትጣሉት። እዚያ ከአጥሩ ጥግ ይሂድ። ሰዓቱ ከረዘመ ጋሽ ኢስሀቅ ለኤሲው ያስነሱታል።»

እንዳለችው ሆነ። ባትሪው ኮሪደሩ ውስጥ ገባ፤ ጄኔሬተሩ ከውኃው ታንከር ኋላ ሄደ። ጥቅምት ላይ መብራት ለአንድ ሰዓት ሲጠፋ ማሽኗ አንዴም አልጮኸችም፤ ኡም ፈይሰል ከእንቅልፋቸው አልነቁም። ወለተጊዮርጊስ ግን ያን ሰዓት ሙሉ በኮሪደሩና በአልጋው መካከል ስትመላለስ አሳለፈችው። ባትሪውን አምና መቀመጥ አልቻለችም።

አሮጊቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። በ2018 ኅዳር ወር፣ ሆስፒታል ተኝተው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዓረፉ። በቅርቡ የወለደችው የፈይሰል ሚስት ልጃችንን አሳድጊልን ብላ ለመነቻት። ወለተጊዮርጊስ ሦስት ቀን አስባ እንቢ አለች፤ ኹሩጅ፣ የመውጫ ወረቀቷን፣ ጠየቀች።

ከመሄዷ በፊት ፈይሰል አንድ ነገር አስቸገራት። ባትሪውን ኾበር ላለ የሥራ ባልደረባው ሰጥቶታል፤ የሰውየው አባት ተመሳሳይ ማሽን ላይ ናቸው። የምታስታምማቸው መቲ የምትባል የወለጋ ሴት ናት፤ ነገሩን በአረብኛ ቢያስረዷት አልገባትም። ወለተጊዮርጊስ በምትሄድበት ቀን ጧት ከመቲ ጋር አረፈደች። ባትሪውን አሳየቻት፤ ለሙከራ ሶኬቱን ነቅላ ማሽኑ ሳይቆም ሲቀጥል አስመለከተቻት፤ መቲ ራሷ አምስት ጊዜ እንድትነቅልና እንድትሰካ አደረገቻት።

«እሱም አንድ ቀን እንቢ ቢልስ?» አለች መቲ።

«ሊል ይችላል» አለቻት ወለተጊዮርጊስ። «ለዚህ ነው ሽማግሌውን አይተሽ ባትሪውንም የምታይው። ሰኞና ሐሙስ ሶኬቱን ነቅለሽ ፈትሺው። እኔን የጠየቀኝ ሰው እስኪመጣ ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ አንቺ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። የጎደለ ካየሽ ንገሪያቸው።»

መቲ ራሷን ነቀነቀችና ስልኳ ላይ ቀኖቹን መዘገበች። ውጭ ኢስሀቅ ወለተጊዮርጊስን መኪናው ውስጥ ይጠብቃታል፤ በረራዋ ከሰዓት በኋላ ነበር።